ተልባና የተልባ ዘይት፤ ስለ ኮሌስትሮል የሚባለው ሲመረመር

ስለ ኮሌስትሮል መነጋገር በበዛበት በዚህ ዘመን ለተልባ፣ ለጥቁር አዝሙድና ለአብሽ የሚሰጠው ምስጋናም በዝቷል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ስለ ተልባ የሚባለውን ብቻ ነው፤ የአነጋገሩ ጉድለት በእርሱ ላይ ጐልቶ ይታያልና።

በዘይት እንክብል ማሸጊያ ላይ «ተልባ ኮሌስትሮልን ይቀንሳል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ገዢው ፍሬውና ዘይቱ አንድ ይመስሉታል። ነገር ግን አንድ አይደሉም። የተፈጨ ተልባ በውሃ ሲበጠበጥ እንደሚዝለገለግ በየቤታችን የታወቀ ነው። ይህ ዝልግልግ ነገር በውሃ የሚሟሟ አሰር ነው፤ በአንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበትም የጐደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፤ በደም ውስጥ ያለው የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ተልባው ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ ግን አሰሩ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ገዢው ዘይቱን ይውጣል፤ አሰሩን የሚበላው ከብት ነው።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጽሑፍ 28 ጥናቶችን በአንድነት መርምሮ፣ ሙሉው ፍሬ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል በአማካይ በሊትር 0.16 ሚሊሞል እንደቀነሰ፣ ዘይቱ ግን የሚታመን ቅናሽ እንዳላሳየ ገልጿል።

ፍሬውንም ቢሆን ከልክ በላይ ማመስገን አይገባም። መጥፎው ኮሌስትሮል በሊትር 4 ሚሊሞል ለደረሰበት ሰው 0.16 ማለት ከመቶ 4 እጅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ በተገለጸ የአሜሪካ ሙከራ ግን 5 ሚሊግራም ሮሱቫስታቲን በ28 ቀን ውስጥ ከመቶ 37.9 እጅ ቀንሷል። ተልባ በዚያ ሙከራ አልነበረም፤ አብረው የተፈተኑት ነጭ ሽንኩርት፣ ቀረፋ፣ እርድና ሌሎች ሦስት ማሟያዎች ግን መድኃኒት ከሌለበት እንክብል አልበለጡም።

ስለዚህ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ትቶ በዘይት እንክብል የሚታመን ሰው ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ ገንዘቡን ያጠፋል፣ ልቡንም ለአደጋ ያጋልጣል። ተልባን በጥብጦ መጠጣት መልካም ምግብ ነው፤ እኛ የምንነቅፈው ለፍሬው የተመሰከረውን ለዘይቱ መስጠትን ነው። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» እንደሚባለው፣ የማስታወቂያውም ጫጫታ በሙከራ ሙቀጫ ሊወቀጥ ይገባዋል።