ምሰሶው ምን ተሸከመ?

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቤቴል አካባቢ፣ ከቤቴ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ጎረቤቴ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አሠርቶ ጨርሷል። በረንዳው ፊት አራት ወፋፍራም ምሰሶዎች ቆመዋል፤ አናታቸው ላይ ቅጠልና አበባ ተጠቅልሎባቸዋል። ጠጋ ብዬ ባንኳኳው ውስጡ ባዶ ነው፤ ጂፕሰም።

«ይኼ ምሰሶ ምን ይሸከማል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ውበት ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ቀጠለና፣ «ባሮክ ይባላል ብለውኛል። ደግሞስ ጎንደርን የሠሩት ፖርቱጋሎች አይደሉ እንዴ?» አለኝ።

የመጀመሪያውን መልስ ስቄ አለፍኩት። ሁለተኛው ግን ተምረናል የምንል ሰዎች ጭምር የምንደጋግመው አነጋገር ስለሆነ አላስተኛኝም።

ባሮክ የተወለደው ሮማ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፕሮቴስታንቶች መነሣት ያስደነገጣት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ከትሬንት ጉባኤ (1545-1563) በኋላ ምእመኑን በዓይኑ በኩል ልትማርከው ቆርጣ ተነሣች። ግድግዳው እንደ መጋረጃ ታጠፈ፤ ጣሪያው ሰማይ የተከፈተ መሰለ፤ ብርሃን ከተደበቀ መስኮት ፈሰሰ። ቦሮሚኒ ሮማ ውስጥ የሠራውን የቅዱስ ካርሎን ቤተ ክርስቲያን ፊት በፎቶግራፍ እንኳ ያየ ሰው፣ ድንጋይ እንዲህ ይታዘዛል ወይ ይላል። ጂፕሰሙን አልነቅፍም፤ የሮማ ሊቃውንትም በልስን ቅርጽ አጊጠዋል። የእነሱ ጌጥ ግን ከሚታጠፈው ግድግዳ ጋር አብሮ ይታጠፋል። የጎረቤቴ ጌጥ የተለጠፈው ሣጥን ላይ ነው።

ስልቱን በዓለም ከበተኑት ዋነኞቹ ጀስዊቶች ነበሩ። እኛም ዘንድ ደርሰዋል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገባ፤ በ1622 እዚሁ ሞተ። ዐፄ ሱስንዮስ እምነታቸውን ተቀበሉ። ጣና ዳር፣ ጎርጎራ፣ በ1620ዎቹ ያቆሙት የማርያም ግንብ ፍርስራሽ ዛሬም በድንጋይ የተፈለፈለ አበባውን ያሳያል። ያም ቢሆን ባሮክ ለማለት አልደፍርም፤ በጎዋ፣ በሕንድ በኩል ዞሮ የመጣ የሬኔሳንስ ጥበብ ነው። ከባሮክ ደጃፍ ደርሶ ቆሟል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው የምንዘነጋው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲለደስ ጀስዊቶቹን አባረሩ፤ ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ ወዲያ፣ በ1636 ነው። ቦሮሚኒ ቅዱስ ካርሎን በ1638 ሲጀምር፣ ፓኤዝ ከሞተ 16 ዓመት ሆኖታል። ታዲያ የትኛው ፖርቱጋል ነው የሠራው?

ፋሲለደስ ሰዎቹን አባረሩ፤ ኖራውን አስቀሩ። ቅስቱንና የሕንዱን ግንበኛ እጅ አስቀሩ። ቤተ መንግሥታቸውን እዩት፦ አራት ማዕዘን፣ በየማዕዘኑ ክብ ግንብ፣ በግንቦቹ አናት ጉልላት። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ሮማ እንዳደረገችው አይታጠፍም። ጌጥ ያስፈለገ እንደሆነ የመስኮቱ ቅስት በቀይ ድንጋይ ይከበባል፤ ድንጋዩም ራሱ ቅስቱን ይሸከማል። እኔን የሚያስቀናኝ ይህ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ሲያንጹ መስቀሉን የቀረጹት በዚያው ቀይ ድንጋይ ነው።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ አጥሩ ሥር ቆሜ አወራሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ምሰሶዎቹን ቀና ብሎ አየና፣

«ጋሼ፣ ያ ቀይ ድንጋይ አሁን በካሬ ስንት ይሸጣል?» አለኝ።