ከዱላው ይልቅ ቆጠራውን እዩ

ስለ ጦር ምርኮኞች የተጻፈ ልቦለድ ድራማ ሆኖ ሲቀርብ በድብደባው ትዕይንት አልመዝነውም። ዱላ፣ ጭቃና ጩኸት ካለ ተመልካች መሳቀቁ አይቀርም። እኔ የምጠብቀው የጠዋቱን ቆጠራ ነው።

የአውስትራሊያዊውን የሪቻርድ ፍላናጋንን «ዘ ናሮው ሮድ ቱ ዘ ዲፕ ኖርዝ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቡከር ሽልማት ያገኘው ይህ ልቦለድ ጃፓኖች በ1942 እና በ1943 ምርኮኞችን አስገድደው ያሠሩትን፣ ታይላንድን ከበርማ ያገናኘውን 415 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይተርካል። የደራሲው አባትም ከዚያ ሥራ በሕይወት ከተረፉት አንዱ ነበሩ። በመጽሐፉ ምርኮኛው ሐኪም ዶሪጎ ኢቫንስ ከጃፓናዊው ሻለቃ ናካሙራ ጋር በየጠዋቱ ቆጠራ በቁጥር ይከራከራል፤ ዛሬ ስንት ሰው ለሥራ ይወጣል? ክርክሩ ሲያበቃ ከበሽተኞቹ መካከል የሚወጣውን የሚመርጠው ራሱ ዶሪጎ ነው። ሰነፍ አዘጋጅ እዚህ ላይ ደግ ሐኪም አሳይቶን ያልፋል። ጎበዙ ግን ካሜራውን ከሻለቃው ቁጣ አንስቶ ስሙ የተጠራው ሰው ፊት ላይ ያቆየዋል፤ ዶሪጎም ያን ፊት እያየ ዝም ሲል ያሳየናል።

ጀስቲን ከርዘል በ2025 በአምስት ክፍል ባቀረበው ድራማ ወጣቱን ዶሪጎ ጄኮብ ኤሎርዲ፣ ሽማግሌውን ኪራን ሃይንድስ ይጫወቱታል። ተዋናዮች ለሚናው ከሱ መባሉ ለእኔ ማስታወቂያ ነው፤ ረሃብ የሚታወቀው ሩዙ ሲታደል ዓይናቸው የማንን ሳህን እንደሚከተል ነው።

ምልሰቱንም መርምሩ። ዶሪጎ ከአጎቱ ሚስት ከኤሚ ጋር የነበረው ፍቅር ከምርኮኞቹ ካምፕ ጭካኔ ማረፊያ እንዲሆን ብቻ ከገባ ሥራው ተበላሽቷል። በመጽሐፉ ያው ትዝታ ከጦርነቱ በኋላ ለገዛ ሚስቱ ባዳ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከኤሚ ወደ ካምፑ፣ ከካምፑ ወደ ሽማግሌው የራት ጠረጴዛ የሚደረገው ሽግግር ቁስሉን ማስፋት አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው ጠባቂዎቹ ናቸው። ፍላናጋን ከመካከላቸው አንዱን፣ ለጃፓኖች የሚሠራውን ኮሪያዊ፣ እስከ መሰቀያው ይከተለዋል፤ ሰውየው ሞት ደጁ ቆሞ ስለ 50 የን ደመወዙ ያስባል። ሰዓት ያጠረው የስክሪፕት ጸሐፊ መጀመሪያ የሚቆርጠው እንዲህ ያለውን ገጽ ነው። ጠባቂውን ከነዱላው ብቻ አስቀርቶ ደመወዙን ለረሳ ድራማ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም፣ እኔ ከፍተኛ ነጥብ አልሰጥም።