የቤተ ሰብ ወረቀትና የጌዴኦ ታሪክ ጥናት

ስለ ጌዴኦ ያለፈ ኑሮ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዝተው የሚደገፉት በሁለት ምንጮች ነው፤ አንደኛው የአረጋውያን ቃል፥ ሁለተኛው የመንግሥት መዝገብ። በገደብና በአካባቢዋ በየቤቱ በሣጥን ተቈልፎ የሚኖረው ወረቀት ግን ከቁም ነገር ሲቈጠር እምብዛም አይታይም።

ቻርልስ ማክሌላን በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፥ ከ1895 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን የጌዴኦን ታሪክ የሚመረምረው መጽሐፍ የዚህ ጥናት መሠረት መሆኑ አይካድም። የአረጋውያንን ቃል በሰፊው መሰብሰቡም ያስመሰግነዋል፤ እነዚያን ምስክሮች ዛሬ ዳግመኛ መጠየቅ አይቻልምና። ይሁን እንጂ ትረካው በጣልያን ወረራ ዋዜማ ስለሚያበቃ፥ የቡና ንግድ ገበሬውን ከውልና ከደረሰኝ ጋር ይበልጥ ያስተሳሰረበት የኋለኛው ዘመን ከመጽሐፉ ውጭ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም የተደነቀው እንሰቱ፥ ቡናው፥ ደኑና ትክል ድንጋዩ ነው። የግብር ደረሰኝን ቅርስ ብሎ የሚጠራ ማን አለ?

የዚህ ወረቀት ዋጋ በክምችቱ ነው። አንድ ደረሰኝ ለብቻው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ከሽያጭ ደብተሩ፥ በጣት አሻራ ከተፈረመው የብድር ውልና ከፍርድ ቤት ማመልከቻው ጋር ሲነበብ ግን የአንድ ቤት ኑሮ ይገለጣል። ወራሾች ሲካፈሉ እያንዳንዱ ለሙግት የሚረዳውን መርጦ ይወስዳል፤ የቀረው የዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ደግሞ የርስቱ ወረቀት መብት የማያስገኝ ሆነ። ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው ግን ይህን ጊዜ ነው፤ የሚከራከርበት ጠፍቷልና።

ወረቀቱ የባለ ርስቱ ድምፅ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው። ደረሰኙ የሚወጣው በባለ ርስቱ ስም ነበርና፥ ጭሰኛው ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት ቀርቷል፤ በ1952 ዓ.ም. የተነሣውን የሚችሌን ዐመፅ ከባለ ርስቶች ሣጥን ብቻ የሚጽፍ ሰው ክሱን እንጂ በደሉን አያገኝም። ሆኖም የጌታው ደብተር ሳያስበው የጭሰኛውን ስም ከዕዳው ጎን መዝግቦ ሊያኖር ይችላል። አንባቢው ያንን ስም ይዞ ወደ ልጅ ልጆቹ መሄድ አለበት። በዚህም ጊዜ በቀድሞው ጽሑፍ «ደራሳ» የሚለውን ስያሜ ዛሬ ባንጠቀምበትም፥ በግልባጩ «ጌዴኦ» ብሎ ማረም ሰነዱን ማበላሸት ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ ወሰን በተነሣው ግጭት መቶ ሺህዎች ተፈናቀሉ፤ ገደብም ከመጠለያዎቹ አንዷ ሆነች። ነፍሱን ይዞ የሚሸሽ ሰው ሣጥን አይሸከምም። ስለዚህ ጠባቂነቱ ለቤተ ሰቡ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ቅጂው በሌላ ሥፍራ፥ ለምሳሌ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሊቀመጥ ይገባል። ዋናው ግን ከቤቱ አይውጣ። «አንብቤ እመልሳለሁ» ብሎ ወስዶ የቀረ ተመራማሪ ከምስጥ የሚለየው በዲግሪው ብቻ ነው። ቅጂው ለሕዝብ ከመገለጡ አስቀድሞም ቤተ ሰቡ ይጠየቅ፤ በደብተሩ የተመዘገቡት ባለ ዕዳዎች ልጆች ዛሬም ጎረቤቶቹ ሊሆኑ ይችላሉና።