የመጀመሪያዋ ቃል

ማኅሌት ላይ ከሁሉ የሚከብደው ማንሣት ነው። መሪው የመጀመሪያዋን ቃል ሲያወጣ የሌሊቱን ሁሉ ከፍታ ወሰነ ማለት ነው። ድምፁን ከየት እንደሚጀምር የሚነግረው መሣሪያ የለም፤ ያለው ጉሮሮውና ጆሮው ነው። ከፍ አድርጎ ካነሣ ቁም ዜማው ያምርለታል፣ ዝማሜውም ይሄድለታል። ከበሮ ገብቶ መረግድ ሲደረስ ግን ሰው ሲሞቀው ድምፅ በራሱ ሽቅብ ስለሚሳብ፣ ጽፋቱ ላይ ልጆቹ ይታነቃሉ፣ ሽማግሌዎቹ ዝም ይላሉ፣ መሪው ብቻውን ይቀራል። አለቅጥ ዝቅ ካለም ድምፅ የሚወርድበት ድፋት ላይ ቃሉ አይሰማም። ስለዚህ ብዙዎች መሪጌታን በድምፁ ውበት ሲያደንቁት እኔ የምሰማው ያቺን የመጀመሪያ ቃል ነው።

ቤቱም የራሱን ይጠይቃል። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ እንዳለው እንደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ባለ፣ ከዓለት በተፈለፈለ ቤት ውስጥ ትንሽ ድምፅ ይበቃል፤ ግድግዳው ይመልሰዋል። ቆርቆሮ በለበሰ ቤተ ክርስቲያን፣ ያውም የነሐሴ ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበው፣ ያው ሰው ያንኑ ዜማ በሌላ ጉልበት መያዝ አለበት።

ይህን ያስጻፈኝ ባለፈው የደብረ ታቦር በዓል የሰማሁት አነሣሥ ነው። ነሐሴ 13 የአብነት ተማሪ በዓል ነው። ተማሪው ዳቦና ጠላ ለምኖም ሆነ ቆጥቦ ይደግሳል፤ ሌሊቱን ግን ይቆማል፤ ዓመቱን ሙሉ የቀጸለውን በሕዝብ ፊት ያሰማል። እኔ ዜማ በማስተምርበት ጉባኤ ከዳህና፣ ከጋዝጊብላ፣ ከዝቋላ የመጡ ልጆች አሉን። ገሚሶቹ ቤታቸው ኽምጣና እየተናገሩ ያደጉ ናቸው። ለንባብ ሲቀመጡ ከሌላው በምንም አያንሱም፤ ግዕዝ ለሁላችንም የእናት ቋንቋ አይደለምና ተነሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩን ሁሉም እኩል ከዜሮ ይጀምረዋል።

በዚያ በዓል ከእኛው ጉባኤ በልጅነቱ የወጣ ተማሪ መሪጌታ ሆኖ መጥቶ ነበር። በላስታ በኩል ወደ ጋይንት ተሻግሮ ቤተልሔም ገባ፤ ድጓውን እንደ ቤቱ ሥርዓት በገዛ እጁ ጽፎ አስመሰከረ። ከዚያ ዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት፣ ቀጥሎ ጎንደር አቋቋም። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ እንዲህ ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው፤ ለቅዳሴ ደግሞ ወደ ሰለልኩላ ይኬዳል። አንዱን የጨረሰ ሁሉን ያወቀ አይባልም። የፈረንጅ ኮንሰርቫቶር ተማሪ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያገኘውን የኛ ተማሪ በእግሩ እየዞረ ይሰበስበዋል። እግሩ እስኪደርስም ለምኖ ያድራል።

ለምን መጽሐፉን ይዞ ቤቱ ተቀምጦ አይማርም የሚል ሰው አይጠፋም። ዜማው ከ6ኛው መቶ ዘመን ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ በቃል ሲወርድ ኖሯል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ ስልቶች የእሱ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን አደራጁት። ከቃሉ በላይ በደቃቁ የተጻፉት ፊደላት ከ500 ይበልጣሉ። እያንዳንዱም ምልክት ከሌላ የታወቀ ቃል የተቆረጠ ነው፤ «እዚህ ጋ ያንን ቃል እንደምትለው በል» ይላል እንጂ እንዴት እንደሚባል አይናገርም። ያንን ቃል ካልሰማህ ምልክቱ ለአንተ ዝም ያለ ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ የሚባሉ የውጭ ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ስለዚሁ ዜማ ሦስት ጥራዝ ሲያሳትሙ ምልክቱን ያስረዱት የሊቅ ድምፅ ቀድተው ነው። ብራናው ብቻውን አልበቃቸውም። ለእኛም አይበቃም። ለዚህ ነው ተማሪ የጨረሰ ሰው ድምፅ በጆሮው መስማት ያለበት፤ የእኔ ብቻ ድምፅ ከሆነ የሚሰማው የእኔን ጉድለት ጨምሮ ይይዛል።

ለምሳሌ ርክርክን ላንሣ። ድምፅ እየተንቀጠቀጠ በደረጃ የሚወርድበት ነው። የእኛ ልጆች በአገጫቸው ነበር የሚሠሩት፤ አፋቸው ይርገበገባል፣ ድምፁ ግን የተቆራረጠ ይሆናል። መሪጌታው ከበዓሉ በፊት በነበሩት ቀናት ከጎጆው ደጃፍ አብሯቸው ሲቀመጥ ይህን አየ። አንዱን ልጅ ጠርቶ ሁለት ጣቱን ከአገጩ ሥር አደረገለትና «ጣቴን ሳትነካ አውርደው» አለው። ልጁ ሞከረ፤ ጣቱን ነካው። እንደገና። «ከሆድህ አምጣው፤ አፍህ በር ይሁን እንጂ አይሥራ።» ከዚያ የልጁን እጅ ይዞ በራሱ አገጭ ላይ አስቀመጠና ርክርኩን አወረደው። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ድምፁ ያን ያህል ሲንቀጠቀጥ ከእጁ በታች ምንም አልተንቀሳቀሰም። ያንን ቀን ግቢው ሁሉ አገጩን ይዞ ሲለማመድ ዋለ። የኦፔራ መምህራንም አገጭ እንዳይወጠር፣ ትንፋሽ ከታች እንዲደገፍ ሲሉ ዓመታት ያስለፋሉ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያለ ማጉያ ከኦርኬስትራ በላይ መሰማት ያለበት ሰውና ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ቅዳሴ የሚቀበል ሰው አንድ ችግር ስላለባቸው መፍትሔው መመሳሰሉ አይገርመኝም።

የማንመሳሰለው አሰላለፍ ላይ ነው። በኮንሰርቫቶር ትርኢት ተማሪዎቹ ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ስም ያተረፈው ምሩቅ መጨረሻ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ሕዝቡም ልዩነቱን ይሰማል። ያም የራሱ ጥቅም አለው፤ በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የአዲስ አበባው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያፈራቸውን ሰዎች ሳስብ ብቻውን ቆሞ መሰማት የሚያስችል ትምህርት ዋጋው ይገባኛል። ማኅሌት ግን ቀኝና ግራ ሆኖ ነው፤ መሪ ይመራል፣ ተመሪ ይቀበላል፣ ሁሉም ይከተላል። የበሰለውና ያልበሰለው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ።

በልጅነቱ አንተ እያልኩ ያስተማርኩትን ልጅ በተማሪዎቹ ፊት «መሪጌታ፣ እርስዎ ይምሩልን» አልኩት። «የኔታ፣ ይፍቀዱልኝ፤ መጀመሪያ ከልጆቹ ጋር ልቁም» አለኝ። እኔ መራሁ፤ እሱ በግራ በኩል ከልጆቹ መካከል ቆሞ ተቀበለ። ቆሞ የሚያደርገውን አየሁ፤ ልጆቹ ትንፋሽ የሚያጥራቸው የት እንደሆነ ይሰማ ነበር። እየጠበቀ፣ እነሱ ሊያርፉ ሲሉ ቃሉን ይዞ ይቆያል፤ እነሱ ሲመለሱ እሱ ይለቅላቸዋል። ሰሚው ሕዝብ ይህን አያውቅም፤ የሚሰማው ያልተቋረጠ ዜማ ነው።

መምራቱ ሲደርሰው ዝቅ አድርጎ አነሣ። ከልማዳችን ዝቅ ያለ ስለነበር አንዳንዱ ሽማግሌ ዘወር ብሎ አየው። እኔም ለአፍታ ሰጋሁ። ዝናቡ አልቆመም ነበርና ቃሉ ይዋጥ ይሆን አልኩ። አልተዋጠም፤ ልጆቹ በሙሉ ድምፃቸው ሊይዙት ስለቻሉ። ዝማሜው በመቋሚያ ሄደ፤ ጸናጽሉ ገባ፤ ከበሮው ሲመታ ድምፁ እንደተለመደው ወደ ላይ ተሳበ፤ ጽፋት ላይ ሲደርሱ ልጆቹን ልክ ጉልበት ያላቸው ቦታ ላይ አገኛቸው። ወረቡን አንድም ልጅ ሳይቀር አወጣው። የእሱ ድምፅ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ የሙያው ጥግ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህም ነው ማይክሮፎን ከመሪው አፍ ሥር ሲደረግ የማይዋጥልኝ። ለስብከት ይሁን፤ ሰው ሩቅ ቆሟል። ማኅሌት ላይ ግን የአንዱን ጉሮሮ አጉልቶ የአርባውን ይጋርዳል፤ ልጁ የራሱን ድምፅ ካልሰማ ስሕተቱንም አያርም። በዚያ ሌሊት ማጉያው እንዲጠፋ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ወደፊትም እለምናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ሰቆጣ የሻደይ ነው። ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው በየደጁ ይዘፍናሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ወንዶቹ ተማሪዎቼ መቀበልን ቶሎ የሚለምዱት ለምን እንደሆነ ከእነዚህ ቀናት ነው የተረዳሁት፤ በእህቶቻቸው ሻደይ ጆሯቸው ተከፍቶ ነው የሚመጡት። አውጪዋን ልብ ብላችሁ ስሟት፤ ጓደኞቿ የሚደርሱበትን ከፍታ መርጣ ታነሣለች፤ ማንም አላስተማራትም። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ሴት ልጆች ወረብ ያጠናሉ፤ ደግ ነው። እኔ ግን ከዚያ አልፈው ምዕራፍና ጾመ ድጓ ቢቀጽሉ እወዳለሁ። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ አስተምረው ስንት ሊቅ አፍርተዋል፤ ዜማው ላይ የሚከለክለን ምን እንደሆነ አይታየኝም።

አሁን የያዝነው ጉዳይ መሪጌታው እንዲቀር ነው። የእኛ ጉባኤ አቋቋም የለውም፤ ልጁ ከእኔ ዘንድ ጾመ ድጓ ሲጨርስ መንገድ ይጀምራል፤ ከመንገዱም ብዙው አይመለስም። ሰበካው መጠነኛ ቀለብ ቆርጧል፤ ሌላ ደብር የበለጠ እንደሚሰጠው እናውቃለን። እሱ የጠየቀው ከእኔ ጎጆ አጠገብ ቦታና ከበሮ ነው። ከበሮው ተገኝቷል። ተማሪዎቹ እንጨት እየቆረጡ ነው፤ ሣሩ ጥቅምት ላይ ሲደርስ ይከደናል። እስከዚያ ከሰዓት በኋላ በእኔው ደጃፍ ዝማሜ ያስጠናል፤ ወደ ቤተልሔም ሊሄዱ የተነሡ ሁለት ልጆችም ጉዟቸውን እስከ ጥምቀት አቆይተውታል።