ብርሃን፣ አየር እና ስስ ፕላስቲክ

ሾኔ ከተማ ውስጥ የመብራት ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ፕላስቲኩን የሚያምነው ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ነው። ሳይንቲስቶቹ ሺራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር ግን በ1977 (እ.ኤ.አ.) ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፖሊመር (የፕላስቲክ ዓይነት) በአዮዲን ትነት አጥነው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ አደረጉት፤ በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት። ዶፒንግ ይሉታል፦ ከፖሊመሩ ሰንሰለት ኤሌክትሮን መንጠቅ፣ ወይም መጨመር።

ጣጣው ያለው ነጣቂው ኬሚካል ላይ ነው። ኃይለኛ መሆን አለበት፣ ሥራውን ሲጨርስም ትርፍራፊው ስሱ የፖሊመር ፊልም ውስጥ ሊቀር ይችላል። በ2024 የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ያወጡት መላ የሚያስደንቀኝ ለዚህ ነው። ስሱን ፊልም ካታሊስትና ጨው በሟሙበት ፈሳሽ ነክረው ብርሃን ያበሩበታል። ብርሃን ያነቃው ካታሊስት ከፖሊመሩ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ለአየሩ ኦክስጅን ያስረክብና ወደ ነበረበት ተመልሶ እንደገና ይሠራል። ከጨው የመጣው አሉታዊ አዮን ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ቻርጁን ያመጣጥናል። እንደ ጥሩ ደላላ ነው፤ ያገናኛል እንጂ ዕቃው ውስጥ አይቀርም። ለብቻው ደካማ የሆነው ኦክስጅን፣ በተራ የክፍል ሙቀት፣ በሴንቲሜትር ከ3,000 ሲመንስ በላይ የሚያስተላልፍ ፊልም ያስገኛል። ኦክስጅኑ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነው!

ለእኛም ሩቅ ዘርፍ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ባልደረቦች ጋር ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርተዋል። ብርሃንና አየር ደግሞ ሾኔም አሉ፤ የሚጎድለው ቤተ ሙከራው ነው።