ቶርኖን ወደ ሲ ኤን ሲ ስለ መለወጥ አጭር ሂስ

በእጅ የሚዘወረውን ትንሽ ቶርኖ ኮምፒውተር ወደሚመራው ሲ ኤን ሲ ለመለወጥ የሚያስቡ ባልንጀሮቻችን፣ ገንዘባቸውን ሁሉ ለሰርቮ ሞተር አውለው «መቆጣጠሪያውስ ርካሹ ይበቃል» ይላሉ። ይህን አሳብ አንቀበለውም።

በመንዝ ለባና ሱፍ የምትፈትለውን ሴት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ሱፉን የምትለቀው እንዝርቱን እያየች ነው፤ እንዝርቱ ሲዘገይ እጇም ይዘገያል። ቶርኖም የብሎን ጥርስ ሲያወጣ እንዲሁ ነው። ስፒንድሉ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲዞር፣ 1.5 ሚሊሜትር ጥርስ ለማውጣት ቢላዋው በደቂቃ 450 ሚሊሜትር መጓዝ አለበት። ብረቱ ከብዶት ዙሩ ወደ 270 ቢወርድና ቢላዋው በያዘው ፍጥነት ቢቀጥል ግን ጥርሱ 1.67 ይሆናል፤ ዳዶው አይገባም።

ብዙዎች የሚያመሰግኑት መደበኛው ግርብል በመሠረቱ ለሚሊንግ የተሠራ ነው፤ ጥርስ ማውጫውን ጂ 33 የተባለ ትእዛዝ አያውቅም። ሰርቮውም የቱን ያህል ውድ ቢሆን አያድነውም፤ የሚያየው የራሱን ዘንግ እንጂ ስፒንድሉን አይደለምና። ማች 3 በዙር አንድ ምልክት ብቻ ተቀብሎ የቀረውን ይገምታል። ሊነክስ ሲ ኤን ሲ ከሜሳ ካርድ ጋር ሲሆን ግን ኢንኮደሩን እየቆጠረ ቢላዋውን ከስፒንድሉ ጋር ያስኬዳል። መማሩ አድካሚ ነው፤ ይህን አንክድም። ጥርስ የማያወጣ ሰው በርካሹ ይሥራ፤ የሚያወጣ ግን ከሞተሩ በፊት ኢንኮደሩን ይግዛ።