ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍናቸው

ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ለጂአርኢ ሊዘጋጅ ወደ እኔ የሚመጣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የቃላት ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ስልኩ ላይ ፍላሽ ካርድ ጭኗል፤ ሌላው ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን፣ ጠርዙ የተበላ ፎቶ ኮፒ ታቅፏል። «ቲቸር፣ ‹ኤም› ላይ ደርሻለሁ» ይለኛል በኩራት። ድካሙን አልንቅበትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሽምደዳ ያሻገረው ልጅ በለመደው መንገድ ቢመጣ አይገርምም። ፈተናው ግን ያንን መንገድ ከዘጋው ቆይቷል።

እስከ እ.ኤ.አ. 2011 አጋማሽ ድረስ ቨርባል የሚባለው የቋንቋ ክፍል ተቃራኒ ቃል የሚያስመርጡና የቃላትን ዝምድና የሚያስነጻጽሩ ጥያቄዎች ነበሩት። ቃሉ ያለ ዓረፍተ ነገር፣ ብቻውን ይቀርባል፤ ካወቅኸው አወቅኸው፣ ካላወቅኸው ደግሞ የሚረዳህ ነገር የለም። 3,500 ገደማ ቃላት የያዘው ዝነኛው የባሮንስ ዝርዝር የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የፈተናው አዘጋጅ ኢቲኤስ ሁለቱን የጥያቄ ዓይነቶች አስወጣቸው። የውጤቱ መለኪያም ከ200 እስከ 800 መሆኑ ቀርቶ ከ130 እስከ 170 ሆነ። አሁን ያሉት ባዶ ቦታ መሙላት፣ ለአንድ ባዶ ቦታ ተመሳሳይ ትርጉም የሚሰጡ ሁለት ቃላት መምረጥ፣ እና አንብቦ መረዳት ናቸው። አንዳቸውም ቃልን ከዓረፍተ ነገሩ ነጥለው አይጠይቁም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ በእንግሊዝኛ አይደለም። ሰሌዳው ላይ በአማርኛ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦

«ሐያሲው በአደባባይ በ______ የሚታወቅ ቢሆንም፣ ለወዳጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ገጽ ሙሉ ወሬና ጨዋታ ናቸው።»

ከሥሩ አምስት ምርጫ አስቀምጣለሁ፦ ዕውቀቱ፣ ቁጥብነቱ፣ ድፍረቱ፣ ሐቀኝነቱ፣ ርቱዕ አንደበቱ። ከአምስቱ ውስጥ የማያውቁት ቃል የለም። እንዲያም ሆኖ ጥቂት የማይባሉት «ዕውቀቱ» ወይም «ርቱዕ አንደበቱ» ይላሉ፤ ሐያሲ ሲባል ፊታቸው ድቅን የሚለው እሱ ነዋ! ዓረፍተ ነገሩ ግን ስለ ሐያሲያን ያለንን ግምት አልጠየቀንም። «ቢሆንም» እና «ግን» ባዶ ቦታውን የደብዳቤዎቹ ተቃራኒ አድርገው አስረውታል፤ ደብዳቤዎቹ ወሬ የሞላባቸው ከሆኑ ሰውዬው በአደባባይ ቃል የሚቆጥብ መሆን አለበት። መልሱ ምርጫዎቹ ከመታየታቸው በፊት ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ነበረ።

«ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍናቸው» የምለው ለዚህ ነው። አንብብ፤ ማስረጃውን ፈልግ፤ ከዚያ የራስህን ቃል ባዶው ላይ አስቀምጥ። ያማረ ቃል አያስፈልግም፣ «ዝምተኛ» ይበቃል፤ በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም። ከዚያ በኋላ እጅህን አንሣና የሚቀርበውን ምረጥ። ምርጫዎቹን ያዘጋጁት ሰዎች ብልሆች ናቸው፤ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካለ አንድ ቃል ጋር ደኅና ወዳጅ ሆኖ እንዲታይ ተደርጎ ነው የተሠራው። የራሱን ቃል ሳይዝ ወደ ምርጫዎቹ የሚገባ ተማሪ አምስቱንም በየተራ እየሞከረ አምስቱንም ያምናቸዋል።

እንግሊዝኛው ላይ ስንደርስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በአማርኛ «ቢሆንም» የሚመጣው ሐሳቡ ካለቀ በኋላ ከግሡ ጋር ተጣብቆ ስለሆነ፣ እዚያ ስንደርስ ያነበብነው ገና ትኩስ ነው። እንግሊዝኛ «ኦልዞ»ን ገና ከአፉ ያስቀምጠውና ሠላሳ አርባ ቃል ያስጉዘናል፤ መሐል ላይ ስንደርስ ተረስቷል። ከዚህ የባሱት ተቃውሞ የማይመስሉት ናቸው። «ፋር ፍሮም» እና «ሃርድሊ» አፍራሽ ቃል ሳይዙ ሐሳቡን ይገለብጡታል። «ኤኒቲንግ በት» ሲባል ፈጽሞ አይደለም ማለት ነው፤ «ኦል በት» ግን ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው ማለት ነው። እነዚህን የማጠፊያ ቃላት ብሎ መጥራት ለምደናል። ተማሪዎቼ መሞነጫጨሪያ ወረቀታቸው ላይ ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ያደርጋሉ፤ ማጠፊያ ሲያገኙ ምልክቱ ይገለበጣል። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሦስት ባዶ ቦታ ያለው ረጅም አንቀጽ ሲመጣ ግን ሌላ የሚያወጣ ዘዴ አላየሁም፤ ለእያንዳንዱ ባዶ ሦስት ምርጫ ስላለ በድምሩ 27 ዓይነት አሞላል ይኖራል፤ ነጥብ የሚያሰጠው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱን አግኝቶ ሦስተኛውን መሳት ከዜሮ እኩል ነው። መጀመር ያለብንም ከመጀመሪያው ባዶ ሳይሆን ማስረጃው ከጠነከረበት ነው።

ሁለት ቃል የሚያስመርጠው ዓይነት ላይ ብዙ አልቆይም። ስድስት ምርጫ አለው፤ ወጥመዱ ሁለት ነው፦ ተመሳሳይ ሆነው ዓረፍተ ነገሩን የማይመጥኑ ጥንዶች፣ እና ግጥም ብሎ የሚገባ ነገር ግን ጓደኛ የሌለው ብቸኛ ቃል።

ታዲያ ቃላት ማጥናት አያስፈልግም? ያስፈልጋል፤ ያውም ብዙ። ግን ተማሪው የሚጥለው ሰምቶት የማያውቀው ቃል ብቻ ይመስለዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው፦ የሚጥለው የሚያውቀው የመሰለው ቃል ነው። «ሳንክሽን» ማዕቀብ መሆኑን ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቃል፤ መፍቀድና ማጽደቅ መሆኑንም የሚያውቀው ጥቂት ነው። «ኳሊፋይ» ማለፍና ብቁ መሆን ብቻ አይደለም፤ ፈተናው ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የተባለን ነገር ማለዘብ፣ ገደብ ማበጀት በሚለው ነው። «ቼክ» መግታት፣ «አረስት» ማቆም ሆነው ይመጣሉ። ስለዚህ ደብተር የሚይዝ ተማሪ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ ሙገሳ ነው ወይስ ነቀፋ፣ ከነማን ጋር ይውላል የሚለውንም ጭምር። በቀን አሥር ቃል እንዲህ የያዘ ሰው፣ መቶ ቃል ከነአንድ አንድ ፍቺው የሸመደደውን ሲቀድመው አይቻለሁ።

አንብቦ መረዳት ከክፍሉ ግማሽ ያህሉን ይይዛል፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ማስተማር ነው። ምንባቦቹ ከባዮሎጂ፣ ከታሪክ፣ ከሥነ ጥበብ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ አንድ አንቀጽ ብቻ ናቸው። ብዙ የሚያውቅ ተማሪ እዚህ ላይ ይቸገራል። አንዲት የውሃ ሳይንስ ተማሪ ስለ ወንዝ ደለል የሚናገር ምንባብ ደርሷት ከአራቱ ጥያቄዎች ሦስቱን ሳተች፤ ስለ ቅርጻ ቅርጽ የሚናገረውን፣ ምንም የማታውቅበትን ግን ሙሉ በሙሉ መለሰች። የደለሉን ምርጫዎች አንድ በአንድ ስታስረዳኝ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ምንባቡ ውስጥ ግን አልነበረም። «እንዴ ቲቸር፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነው!» አለችኝ። የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ግን ደራሲው ምን አለ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አስለምዳለሁ፦ ምንባቡ እንዳለቀ ማን ምን አለ፣ ለምን አለ የሚለውን በአማርኛ፣ በአንድ ትንፋሽ መናገር። «የጥንቶቹ ተመራማሪዎች እንዲህ ይሉ ነበር፤ አዲስ ጥናት አናጋው፤ ጸሐፊው አዲሱን ይደግፋል ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም።» እጅግ ብዙ የጂአርኢ ምንባቦች የዚህ ዘመዶች ናቸው። በአማርኛ ሊለው ያልቻለ ተማሪ ቃላቱን ሁሉ ቢያውቅም ምንባቡን አልተረዳውም። የጸሐፊው ድጋፍ መጠን ከታወቀ ደግሞ «ሁልጊዜ»፣ «ፈጽሞ»፣ «ብቸኛው» የሚሉ ምርጫዎች በራሳቸው ይረግፋሉ፤ በልክ የሚናገር ጸሐፊ እንዲህ አይልማ።

ጊዜው ጠባብ ነው። ከእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ፈተናው አጥሯል፤ ቨርባሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ውጤት የሁለተኛውን ክብደት ይወስናል። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ያሉ ጥያቄዎች ግን ሁሉም እኩል ነጥብ አላቸው፤ ስለዚህ ከአንዱ ጋር ሦስት ደቂቃ መታገል ኪሳራ ነው። ምልክት አድርጎ ማለፍና ጊዜ ሲተርፍ መመለስ ይቻላል፤ የተሳሳተ መልስም ነጥብ አያስቀንስም። ባዶ ትቶ የወጣ ተማሪ ሲያጋጥመኝ ከልቤ አዝናለሁ።

ከሁሉ በላይ የምጨቀጭቀው ግን ስለ ስሕተት መዝገብ ነው። መልመጃ ሠርቶ «ከ15ቱ 9 አገኘሁ» ማለት ምንም አይነግረኝም። የተሳቱት ስድስቱ ለምን ተሳቱ? ቃሉን አላውቀውም፣ ማጠፊያውን አለፍኩት፣ ከራሴ ጨመርኩበት፣ ቸኮልኩ፤ ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ነው። በግምት የተገኘውም መዝገቡ ላይ ይግባ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ መዝገቡ ራሱ ይናገራል፤ «ቮካቡላሪ ነው ችግሬ» ሲል የከረመ ልጅ ከስሕተቱ አብዛኛው «ከራሴ ጨመርኩበት» ሆኖ ሲያገኘው ይደነግጣል። ለመልመጃውም የኢቲኤስን የራሱን ጥያቄዎች እመርጣለሁ፤ የሌሎቹ ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ጊዜ ማስረጃቸው የላላ ነውና መጥፎ ልማድ ያስተምራሉ። ፓወርፕሬፕ የሚባሉት ሁለት ነፃ ሙከራዎች ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ተቃጥለው ማለቅ የለባቸውም።

ክፍያው በዶላር ስለሆነ ከመመዝገብ በፊት የሚያመለክቱበት ትምህርት ክፍል ጂአርኢ ይጠይቅ እንደሆነ ማየት ግድ ነው፤ ከኮቪድ ወዲህ ብዙዎቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ትተውታል። ተፈትኖ ውጤቱ ያልጣመው ሰው ከ21 ቀን በኋላ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ ይፈቀዳል። «ልድገመው ወይ?» ብሎ ለሚመጣ መዝገቡን አሳየኝ እለዋለሁ። ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ የተጻፈበት ነገር ከሌለ፣ ወይም የዚያው ዓይነት ስሕተት ተደርድሮ ከቀጠለ፣ ዶላሩን ያቆየው።